መዝጊያ ሳይሰብር የሚገባ ሌባ፦ የሊኑክስ ሰርቨራችሁ ቁልፍ በማን እጅ ነው?

አዲስ የሊኑክስ ሰርቨር ተከራይቶ ለኢንተርኔት ክፍት ያደረገ ሰው የመግቢያ መዝገቡን ቢከፍት ብዙ ሳይቆይ የማያውቃቸውን እንግዶች ያገኛል። «ፌይልድ ፓስወርድ ፎር ሩት» (የሩት የይለፍ ቃል ተሳስቷል) የሚል መስመር በመቶዎች ይደረደራል፤ ሩት በሰርቨሩ ላይ ሙሉ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ ነው። ሩት አልሆን ሲል «አድሚን» ይሞከራል፤ ቀጥሎ «ኡቡንቱ»፣ «ፖስትግረስ»፣ «ቴስት»። የሚሞክረው ሰው አይደለም፤ ኢንተርኔትን ከዳር እስከ ዳር የሚያስስ ፕሮግራም ነው፤ የሰርቨሩ ባለቤት ባንክ ይሁን የትምህርት ቤት ድረ ገጽ ግድ የለውም።

ይህን ሲያይ የሚደነግጥ አለ። እነዚህ መስመሮች ግን በር ሲንኳኳ የሚሰማው ድምፅ ናቸው። እንቅልፍ ሊነሳ የሚገባው «አክሰፕትድ» (ተፈቅዷል) የሚል ቃል ያለበት አንድ መስመር ነው፤ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ፣ ከማይታወቅ አድራሻ፣ በታወቀ ሠራተኛ ስም። ስሙ ትክክል ነው፣ ቁልፉ ትክክል ነው፣ የገባው ሰው ግን ሌላ ነው። እንዲህ ያለውን መግባት ፋየርዎልም አይከለክለውም፣ ሲስተሙም እንደ ጥቃት አይቆጥረውም።

ስለ ሊኑክስ ደህንነት ሲወራ ትኩረቱ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ረቀቁ የኮድ ክፍተቶች ይሄዳል። ክፍተቶቹ እውነተኛ ናቸው፤ ወደ እነሱ እንመጣለን። ነገር ግን ለሰርጎ ገብ መዝጊያ ከመስበር ቁልፍ ማግኘት ይቀለዋል፤ በየሰርቨሩ የሚባክነው ጥንቃቄም ብዙ ጊዜ በተሳሳተው ቦታ ላይ ነው።

የኢቤሪ ትምህርት

ከርነል ዶት ኦርግ የሊኑክስ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ኮድ ለዓለም የሚሠራጭበት ዋናው ጣቢያ ነው። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2011 ሰርቨሮቹ መደፈራቸው ተደረሰበት። የስሎቫኪያው የደህንነት ኩባንያ ኢሴት በሜይ 2024 ባወጣው ጥናት መሠረት ሰርጎ ገቦቹ ከዚያ የ551 ተጠቃሚዎች ስምና ሃሽ የተደረገ (ወደማይነበብ ኮድ የተቀየረ) የይለፍ ቃል የያዘውን ፋይል ወስደዋል፤ የ275ቱን የይለፍ ቃል ደግሞ በግልጽ ጽሑፍ አግኝተዋል። እነዚህ ተጠቃሚዎች የዓለምን ሰርቨሮች የሚያንቀሳቅሰውን ከርነል የሚጽፉና የሚያስተዳድሩ ሰዎች ናቸው። እነሱ ላይ የደረሰ ማንም ላይ ይደርሳል።

መሣሪያው ኢቤሪ የሚባል ተንኮል አዘል ፕሮግራም ነበር። ኢቤሪ ሰርቨሩ ላይ ከተተከለ በኋላ አዲስ ፖርት አይከፍትም፣ ፕሮሰሰሩንም አያጨናንቅም። ኤስኤስኤች (ከርቀት ወደ ሰርቨር የሚገባበት ፕሮግራም) ራሱ የሚጠቀምበትን ኪይዩቲልስ የተባለ ላይብረሪ (የጋራ የኮድ ፋይል) በራሱ ቅጂ ይተካና ቁጭ ብሎ ያዳምጣል። ወደ ሰርቨሩ የሚገባው ሰው የሚጽፈውን የይለፍ ቃል ይይዛል። ከዚያ ሰርቨር ተነሥቶ ወደ ሌላ የሚገባው ሰው የሚጠቀምበትን የግል ቁልፍና የቁልፉን የይለፍ ሐረግ ጭምር ይይዛል። የኢቤሪ ባለቤቶችም በያዙት ቁልፍ ወደ ቀጣዩ ሰርቨር ይሄዳሉ፤ እዚያም ሌላ ኢቤሪ ይተከላል። በዚህ ዓይነት ከ2009 ጀምሮ ወደ 400,000 የሚጠጉ ሰርቨሮች ተበክለዋል፤ በ2023 መጨረሻ ላይ ከ100,000 በላይ የሚሆኑት ገና አልጸዱም ነበር። ከተሳታፊዎቹ አንዱ በፊንላንድ ተይዞ ለአሜሪካ ከተላለፈ በኋላ በ2017 የ46 ወራት እስራት ተፈርዶበታል፤ ሥራው ግን አልቆመም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናርም። በ2014 ኢቤሪን ለመለየት የተሰጠ ቀላል ፈተና ነበር፦ ኤስኤስኤች የሚለውን ትእዛዝ ከትልቁ ጂ ጋር ማስኬድ። ንጹሕ ሲስተም «ይህን ምልክት አላውቀውም» ሲል የተበከለው ዝም ይል ነበር። ከ2015 የኦፕንኤስኤስኤች (በሰፊው የሚሠራበት የኤስኤስኤች ፕሮግራም) 6.8 እትም ወዲህ ግን ትልቁ ጂ የፕሮግራሙ መደበኛ ምልክት ሆኗል። ፈተናውን ዛሬም የሚመክሩ ጽሑፎች ስላሉ፣ በእነሱ የሚሄድ ሰው ንጹሑን ሰርቨር ተበክሏል ብሎ ሊያፈርስ ይችላል።

ቁልፉን መሥራትና መያዝ

የኤስኤስኤች ቁልፍ ጥንድ ነው። ይፋዊው ክፍል ሰርቨሩ ላይ ይቀመጣል፤ ማንም ቢያየው ጉዳት የለውም። የግሉ ክፍል ከባለቤቱ ኮምፒውተር መውጣት የለበትም። ወደ ሰርቨሩ ሲገባ የግል ቁልፉ አይላክም፤ ለዚያ ግንኙነት ብቻ የሚያገለግል ፊርማ ነው የሚላከው። የይለፍ ቃል ግን እንዳለ ይሄዳል። ስለዚህ መሀል መንገድ ላይ የተቀመጠ አስመሳይ ሰርቨር የይለፍ ቃልን ተቀብሎ ነገ ሊጠቀምበት ይችላል፤ በፊርማው ግን ወደ እውነተኛው ሰርቨር ሊገባ አይችልም። የኢቤሪ ሰዎች በመረጃ ማዕከላት ውስጥ ትራፊክ ወደ ራሳቸው እያዞሩ የይለፍ ቃል የሰበሰቡት በዚሁ መንገድ ነው። «የሰርቨሩ ማንነት ተቀይሯል» የሚለው ትልቅ ማስጠንቀቂያ ሲመጣ የድሮውን መስመር ሰርዞ መቀጠል አደገኛ ልማድ የሆነውም ለዚህ ነው። ሰርቨሩ በእርግጥ እንደ አዲስ ተጭኖ እንደሆነ ኃላፊውን ሳይጠይቁ «የስ» ብሎ ማለፍ አይገባም።

ቁልፍ ለማውጣት ኤስኤስኤች-ኪጅን የሚለውን ትእዛዝ ኢዲ25519 ከሚለው ዓይነት ጋር መጠቀም ይበቃል። ፕሮግራሙ የይለፍ ሐረግ ሲጠይቅ ኢንተር ብቻ ተጭኖ የሚያልፍ ብዙ ነው፤ ያን ጊዜ የተሰረቀ ላፕቶፕ የተሰረቀ ሰርቨር ይሆናል። አምስት ስድስት ቃል ያለው፣ ለባለቤቱ ብቻ ትርጉም የሚሰጥ የአማርኛ ሐረግ በላቲን ፊደል ቢጻፍ ለማስታወስ ቀላል፣ ለመገመት ግን ከባድ ይሆናል። የታወቀ ተረት፣ ጥቅስ ወይም የዘፈን ግጥም ግን አይሁን። አቅም ያለው ቡድን ከ2020ው የ8.2 እትም ጀምሮ የሚሠራውን የፊዶ ቁልፍ ይጠቀም፤ በዩኤስቢ የሚሰካ፣ ሲገባ በጣት የሚነካ ትንሽ መሣሪያ ነው። የግል ቁልፉ ፋይል ቢቀዳ እንኳ መሣሪያው ከሌለ አይሠራም።

ሰርቨሩ ላይ የኤስኤስኤች ማውጫው ፈቃድ 700 (ባለቤቱ ብቻ የሚገባበት)፣ የተፈቀዱ ቁልፎች የሚጻፉበት «ኦተራይዝድ ኪስ» ፋይል ደግሞ 600 (ባለቤቱ ብቻ የሚያነበውና የሚጽፍበት) መሆን አለበት። የቤት ማውጫው ለቡድን ወይም ለሌላ ሰው መጻፍን ከፈቀደ ሰርቨሩ ትክክለኛውን ቁልፍ ሳይቀበል ቀርቶ የይለፍ ቃል መጠየቅ ይጀምራል፤ ምክንያቱንም ለሚገባው ሰው አይነግረውም፣ መዝገቡ ላይ ብቻ ይጽፈዋል። ብዙ ሰው ቁልፍ አልሠራልኝም ብሎ ወደ ይለፍ ቃል የሚመለሰው በዚህች ትንሽ ነገር ነው። 777 (ለሁሉም ሙሉ ፈቃድ) መስጠት ችግሩን እንደሚያብሰው ልብ ይሏል።

ለአንድ ሰው አንድ ቁልፍ ይሰጥ። በየቢሮው የሚታየው ግን አንድ የሩት የይለፍ ቃል፣ ወይም የባሰው አንድ የግል ቁልፍ፣ ለአራት ለአምስት ሰው በቴሌግራም ሲላክ ነው። መልእክቱ በተቀባዩ ስልክም፣ በላፕቶፑም፣ በድሮ ስልኩም ይቀመጣል። ሠራተኛው ሲለቅ ቁልፉ አብሮት ይሄዳል፤ መዝገቡም ማን እንደገባ አይለይም፣ ሁሉም «ሩት» ነውና። እያንዳንዱ ሰው የራሱ ስምና ቁልፍ ቢኖረው፣ በሱዶ (የሩትን ሥልጣን ለአንድ ትእዛዝ በሚያውሰው ፕሮግራም) ቢሠራ፣ ሲለቅ አንድ መስመር መሰረዝ ይበቃል። ለመጠባበቂያ ቅጂ ብቻ የሚያገለግል ቁልፍ ካለ ደግሞ «ኦተራይዝድ ኪስ» ፋይል ላይ ከቁልፉ ፊት «ሪስትሪክት» የሚለውን ቃል፣ የሚፈቀደውን አንድ ትእዛዝና የሚመጣበትን አድራሻ መጻፍ ይቻላል። እንዲህ የታሰረ ቁልፍ ቢሰረቅ ሌባው የሚያገኘው ጥቂት ነው።

ቁልፍን በሰርቨር ላይ አስቀምጦ ከዚያ ወደ ሌላ መዝለልም ሆነ «ኤጀንት ፎርዋርዲንግ» የሚባለውን (መሀል ያለው ሰርቨር በኮምፒውተራችሁ ያለውን ቁልፍ እንዲያስፈርም የሚፈቅደውን) ከፍቶ መሄድ አንድ ዓይነት አደጋ አለው። መሀል ያለው ሰርቨር ከተደፈረ፣ እዚያ ሩት የሆነ ሰው በእናንተ ቁልፍ የፈለገበት ይገባል፤ በኤጀንት ፎርዋርዲንግ ከሆነ ግንኙነቱ እስኪዘጋ ድረስ፣ ቁልፉ እዚያ ከተቀመጠ ግን ከዚያም በኋላ። «ፕሮክሲ ጀምፕ» የሚለው ዘዴ ያንኑ ጉዞ ያደርጋል፤ ፊርማው ግን የሚፈጸመው በራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ ነው፤ መሀል ያለው ሰርቨር የሚያየው የተመሰጠረ ትራፊክ ብቻ ይሆናል።

የይለፍ ቃልን መዝጋት፣ እውነት መዘጋቱንም ማየት

ሦስት መስመሮች ናቸው፦ «ፓስወርድ ኦተንቲኬሽን» ኖ፣ «ኬቢዲ ኢንተራክቲቭ ኦተንቲኬሽን» ኖ፣ «ፐርሚት ሩት ሎጊን» ኖ። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል። ፓም በተባለው የማረጋገጫ ሥርዓት በኩል የይለፍ ቃል እንደገና የሚጠየቀው በእሱ ስለሆነ፣ ካልተዘጋ የፊት በር ተቆልፎ የጓዳው በር ክፍት ይቀራል።

ከዚህ የሚከፋ ወጥመድ አለ። ኡቡንቱና ዴቢያን በተባሉት የሊኑክስ ስርጭቶች ላይ ዋናው የኤስኤስኤችዲ (ሰርቨሩ ላይ ያለው የኤስኤስኤች አገልግሎት) ማዋቀሪያ ፋይል ገና ከመጀመሪያው «ኮንፊግ ዶት ዲ» የተባለ ማውጫ ውስጥ ያሉትን ፋይሎች እንዲያነብ ታዟል። የኤስኤስኤችዲ ሕግ ደግሞ መጀመሪያ የተነበበው ዋጋ ይጸናል የሚል ነው። ከክላውድ አቅራቢ በተገኘ ሰርቨር ላይ በዚያ ማውጫ ውስጥ ብዙ ጊዜ በ50 ቁጥር የሚጀምር የክላውድ-ኢኒት (ሰርቨሩን መጀመሪያ ሲነሣ የሚያዋቅረው ፕሮግራም) ፋይል ይገኛል፤ ውስጡ «ፓስወርድ ኦተንቲኬሽን የስ» የሚል አንድ መስመር ሊኖር ይችላል። አስተዳዳሪው ዋናው ፋይል ላይ «ኖ» ይጽፋል፣ አገልግሎቱን ያስነሣል፣ ዘጋሁ ብሎ ይተኛል፤ ሰርቨሩ ግን ቀድሞ ያነበበው «የስ» ስለሆነ የይለፍ ቃል መቀበሉን ይቀጥላል። መፍትሔው ፋይል ማንበብን ትቶ ሰርቨሩን መጠየቅ ነው። ኤስኤስኤችዲን ከትልቁ ቲ ጋር በሩት ማስኬድ በሥራ ላይ የሚውለውን እያንዳንዱን ዋጋ ይዘረዝራል። እዚያ ላይ «ኖ» ካልታየ አልተዘጋም።

ቅደም ተከተሉም ወሳኝ ነው። መጀመሪያ በቁልፍ መግባት መቻሉ ይረጋገጥ። ከዚያ ማዋቀሪያው ይስተካከልና ከትንሹ ቲ ጋር በማስኬድ የፊደል ስሕተት እንደሌለ ይታይ። አገልግሎቱ እንደገና ሲነሣ የተከፈቱት ግንኙነቶች አይቋረጡም፤ ስለዚህ ያለውን መስኮት ሳይዘጉ በሌላ መስኮት አዲስ መግቢያ ይሞከር። ካልሠራ በመጀመሪያው መስኮት ማስተካከል ይቻላል። መስኮቱን ዘግቶ የተሳሳተ ሰው የቀረው መንገድ የአቅራቢው ኮንሶል ነው፤ የኮንሶሉ የይለፍ ቃል የት እንዳለ አስቀድሞ ማወቅ ይገባል።

ፖርቱን ከ22 ወደ ሌላ መቀየር ጫጫታውን ይቀንሳል፤ ከዚህ ያለፈ ጥቅም ግን አንጠብቅበት። ከቀየራችሁ ከ1024 በታች ያለ ቁጥር ምረጡ፦ ከዚያ በላይ ያለውን ማንኛውም ተራ ተጠቃሚ ሊይዘው ስለሚችል፣ ኤስኤስኤችዲ የወደቀ ጊዜ አስመሳይ ሊተካው ይችላል። በሬድ ሃት ቤተሰብ ላይ ሴሊኑክስ ለተባለው የፈቃድ ተቆጣጣሪ አዲሱ ፖርት ካልተነገረው አገልግሎቱ አይነሣም። ከ22.10 ወዲህ ባሉ ኡቡንቱዎች ደግሞ ፖርቱን የሚይዘው የሲስተምዲ (አገልግሎቶችን የሚያስነሣው ፕሮግራም) ሶኬት ስለሆነ እሱም እንደገና መነሣት አለበት።

ፌይልቱባን የተባለው አጋጅ ፕሮግራም በነባሪው በ10 ደቂቃ ውስጥ 5 ጊዜ የተሳሳተውን አድራሻ ለ10 ደቂቃ ያግዳል። ጥሩ ነው፤ የይለፍ ቃል በተዘጋበት ሰርቨር ላይ ግን ሥራው መዝገቡን ማጽዳት ነው። በአድራሻ መገደብን በተመለከተ ከኢትዮጵያ የሚሠራ ሰው አንድ ነገር ያስብበት። የሞባይል ኔትወርኮች አንድን ይፋዊ አድራሻ ለብዙ ደንበኞች ያጋራሉ፤ አድራሻውም ይለዋወጣል። ዛሬ «ከዚህ አድራሻ ብቻ» ተብሎ የተጻፈ ሕግ ነገ ባለቤቱን ውጭ ያስቀረዋል፤ በሌላ ደንበኛ ስሕተትም የእናንተ አድራሻ ሊታገድ ይችላል። ለዚህ ሁኔታ የሚሻለው ኤስኤስኤችን ከዋየርጋርድ ቪፒኤን ጀርባ ማስቀመጥ ነው። ዋየርጋርድ ትክክለኛ ቁልፍ ለሌለው መልስ ስለማይሰጥ፣ ለሚያስሰው ፕሮግራም በሩ ራሱ አይታይም።

የጓዳ በሮች

ኤስኤስኤች በደንብ ተዘግቶ ሌላ አገልግሎት ቁልፍ ሲያስገባስ? ሬዲስ የተባለው የመረጃ ቋት ለዚህ የታወቀ ምሳሌ ነው። ፖርት 6379 ላይ ያለ ይለፍ ቃል ለኢንተርኔት ክፍት ሆኖ፣ በሩት ስም የሚሠራ ሬዲስ አለ እንበል። ሰርጎ ገቡ ገብቶ የራሱን ይፋዊ ቁልፍ እንደ ተራ መረጃ ያስቀምጣል፤ ከላይና ከታች ባዶ መስመሮች ይጨምርበታል። ከዚያ ሬዲስን «የምታስቀምጥበት ማውጫ የሩት ኤስኤስኤች ማውጫ ይሁን፣ የፋይሉም ስም ኦተራይዝድ ኪስ ይሁን» ብሎ ያዝዘዋል፤ በመጨረሻም «አስቀምጥ» ይላል። ሬዲስ የሚጽፈው ፋይል በማይነበቡ ባይቶች የተሞላ ነው፤ ኤስኤስኤችዲ ግን ያልገባውን መስመር እየዘለለ ቁልፉን ብቻ ያነባል። ባዶዎቹ መስመሮች የተጨመሩት ቁልፉ ለብቻው መስመር እንዲይዝ ነው። ከአራት ትእዛዝ በኋላ በሩት ስም፣ በቁልፍ፣ በዋናው በር ይገባል፤ መዝገቡም «አክሰፕትድ» ብሎ ይጽፍለታል። ከ2016ቱ 3.2 እትም ጀምሮ ሬዲስ ይህን የሚከላከል ጥበቃ አለው፤ «አፕሊኬሽኑ አልገናኝ አለ» ተብሎ የሚጠፋው ጥበቃ ግን እሱ ነው።

ዶከር (ፕሮግራሞችን በተለያዩ ሳጥኖች ለይቶ የሚያስኬድ መሣሪያ) የሚጠቀሙ ሰዎች ደግሞ ይህን ይወቁ፦ ዩኤፍደብሊው የተባለው ፋየርዎል ሁሉን ዝጋ ቢባልም ዶከር ፖርት ሲያወጣ የራሱን የፋየርዎል መስመር ይጽፋል፤ ትራፊኩም ዩኤፍደብሊው በማይቆምበት መንገድ ያልፋል። የዩኤፍደብሊው ዝርዝር ላይ ፖርቱ ሳይታይ ከውጭ ግን ክፍት ነው። ለመረጃ ቋት ፖርት ሲሰጥ ከፊቱ 127.0.0.1 የሚል አድራሻ (ከሰርቨሩ ውስጥ ብቻ የሚደረስበት) ይጻፍ። ፍተሻው ከሁለት ወገን ይሁን፦ ከውስጥ «ኤስኤስ» በሚባለው ትእዛዝ ማን ምን እንደሚያዳምጥ፣ ከውጭ ደግሞ ከሌላ ኮምፒውተር በኤንማፕ የፖርት መፈተሻ። ሁለቱ ካልተስማሙ የውጪውን እመኑ።

ክፍተት ሲወጣ

በጁላይ 1 ቀን 2024 ኳሊስ የተባለው ኩባንያ ሪግሬሽን ብሎ የሰየመውን የኦፕንኤስኤስኤች ክፍተት ይፋ አደረገ። በ2006 የተደፈነ ስሕተት ነበር፤ በ2020 በተደረገ ለውጥ ተመልሶ መጣ። ከ8.5 እስከ 9.7 ያሉ እትሞችን ይነካል፤ በ9.8 ተዘጋ። ለመግባት በተሰጠው 120 ሰከንድ ውስጥ ያልጨረሰ ግንኙነት ሲቋረጥ በሚፈጠር የጊዜ እሽቅድምድም ላይ የተመሠረተ ስለሆነ፣ በ32 ቢት ሲስተም ላይ እንኳ በአማካይ 10,000 ያህል ሙከራና ከ6 እስከ 8 ሰዓት ይፈልግ ነበር። ሊሳካ የሚችል፣ ግን አድካሚ ጥቃት ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ የሚሳሳተው የእትም ቁጥር አይቶ መፍረዱ ነው። ዴቢያንና ሬድ ሃት እትሙን ሳይቀይሩ ጥገናውን ብቻ ወደ ድሮው እትም ያመጣሉ። ዴቢያን 12 ዛሬም 9.2 ይላል፤ ጥገናው ግን ከኋላው በሚቀጠለው «ዴብ12ዩ3» ላይ ገብቷል። በሌላ በኩል ሴንቶስ 7 የያዘው 7.4 እትም በዚህ ክፍተት አልተነካም፤ ድጋፉ ግን በዋዜማው፣ ጁን 30 ቀን 2024፣ አብቅቷል። ከዚያ ወዲህ የሚወጣ ክፍተት ሁሉ እዚያ ላይ እንደተከፈተ ይቀራል። ኡቡንቱ 20.04ም በሜይ 2025 ከመደበኛ ድጋፍ ወጥቷል።

ጥገና ተጫነ ማለት ሥራ ላይ ዋለ ማለት አይደለም። በዲስክ ላይ ያለው ላይብረሪ ይታደሳል፤ ቀድሞ የተነሣው ፕሮግራም ግን አሮጌውን በማስታወሻው (ራም) ይዞ ይቀጥላል። ዴቢያንና ኡቡንቱ ላይ ኒድሪስታርት የትኛው አገልግሎት መነሣት እንዳለበት ይናገራል። ከርነል ሲታደስ ማሽኑ ራሱ ሪቡት መደረግ አለበት። አንድ ዓመት ሙሉ ሳይጠፋ የሠራ ሰርቨር በአንዳንድ ቢሮ እንደ ኩራት ይነሣል፤ ቀጥታ የከርነል ጥገና ከሌለው ግን አንድ ዓመት ያረጀ ከርነል የሚያስኬድ ሰርቨር ነው።

የውስጥ ክፍተቶችን መናቅም አይገባም። በጁን 30 ቀን 2025 ይፋ የሆነው የሱዶ ክፍተት ከ1.9.14 እስከ 1.9.17 ያሉ እትሞች ላይ፣ የሱዶ ፈቃድ ጭራሽ የሌለውን ተራ ተጠቃሚ ሩት ያደርገዋል። «ይህ አካውንት ምንም ሥልጣን የለውም» ብሎ በቀላል የይለፍ ቃል የተተወ የሙከራ አካውንት ሙሉ ሰርቨሩን የሚያስረክበው እንዲህ ነው።

በማርች 2024 የተደረሰበት የኤክስዚ (ፋይል የሚያጨምቅ መሣሪያ) ጉዳይ ደግሞ ከሁሉ የተለየ ነው። «ጂያ ታን» የሚል ስም የያዘ ሰው ከሁለት ዓመት በላይ መልካም አስተዋጽኦ እያደረገ እምነት ካገኘ በኋላ፣ 5.6.0 እና 5.6.1 እትሞች ውስጥ በኤስኤስኤች በኩል የሚከፈት የተደበቀ በር አስገባ። የፖስትግረስ ገንቢው አንድሬስ ፍሮይንድ የደረሰበት ለሌላ ሥራ ፍጥነት ሲለካ ነበር፦ 0.3 ሰከንድ ይፈጅ የነበረው የኤስኤስኤች መልስ 0.8 ሆነበት። ግማሽ ሰከንድ ብሎ ባያልፈው ኖሮ፣ በአብዛኛው በሙከራ እትሞች ላይ የነበረው ኮድ በየሰርቨሩ በገባ ነበር። ለአስተዳዳሪ ከዚህ የሚወጣው ተግባራዊ ነገር ሁለት ነው፦ ለሥራ ሰርቨር የተረጋጋውን እትም መያዝ፣ የጤናማ ሰርቨራችሁንም ጠባይ በቁጥር ማወቅ።

ምልክቶቹን ማየት

መዝገቡ ዴቢያንና ኡቡንቱ ላይ «ኦት ሎግ»፣ ሬድ ሃት ላይ «ሴኪዩር» በሚባል ፋይል ይገኛል፤ በአንዳንድ አዳዲስ ስርጭቶች በጆርናል ብቻ ይያዛል። «አክሰፕትድ» የሚሉትን መስመሮች ብቻ አውጥቶ በሳምንት አንድ ቀን ማንበብ ሩብ ሰዓት አይፈጅም፤ ከማንኛውም ውድ መሣሪያ የበለጠ ይናገራል። «አክሰፕትድ ፓስወርድ» የሚል አንድ መስመር እንኳ ከታየ የይለፍ ቃል አልተዘጋም ማለት ነው። መዝገቡ ወደ ሌላ ማሽን መላክ አለበት፤ ሩት የሆነ ሰርጎ ገብ የራሱን ዱካ ያጠፋልና። መዝገብ በዚያው ሰርቨር ላይ ብቻ ተቀምጦ ከጥቃት በኋላ መፈለግ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ክሪፕቶ ማዕድን ቆፋሪዎች ብዙውን ጊዜ በፕሮሰሰር መጨናነቅ ይታወቃሉ። ኪንሲንግ የተባለው ከሩቅ ሲታይ የከርነል የራሱ ሥራ ይመስላል፦ «ኬዴቭቲኤምፒኤፍኤስ» በሚለው እውነተኛ ስም መጨረሻ ላይ አንዲት የላቲን አይ ፊደል ብቻ ይጨምራል። ፋይሉ ቴምፕ ማውጫ ውስጥ ተነሥቶ ከዲስክ ሊሰረዝ ይችላል፤ በሥራ ላይ ያሉ ፕሮግራሞች በሚታዩበት ፕሮክ ማውጫ ውስጥ ግን ምንጩ «ዲሊትድ» ተብሎ ይታያል። ከጥገና በኋላ ያልተነሡ አገልግሎቶችም እንዲሁ ስለሚታዩ፣ ምንጩ ቴምፕ ውስጥ የነበረውን ለዩ።

«ኦተራይዝድ ኪስ» ፋይሎችን የሩትን ጨምሮ የሁሉንም ተጠቃሚ ተመልከቱ። ባለቤቱ የማይታወቅ ቁልፍ ካለና ሩት ሆናችሁ ለመሰረዝ ስትሞክሩ «አይፈቀድም» ከተባላችሁ፣ ፋይሉ ቻትር በሚባለው ትእዛዝ የማይለወጥ ተደርጓል፤ ኤልኤስኤትር የሚባለው ትእዛዝ ያሳያችኋል። ይህ ራሱ የሰርጎ ገብ እጅ ምልክት ነው። በኢቲሲ ማውጫ ውስጥ «ኤልዲ ኤስኦ ፕሪሎድ» የተባለ (በየፕሮግራሙ ውስጥ ኮድ አስቀድሞ የሚያስጭን) ፋይል መኖሩም እንዲሁ፦ አብዛኛው ንጹሕ ሰርቨር ላይ የለም፤ ካለ ፒኤስና ቶፕ የሚያሳዩአችሁ የፕሮግራሞች ዝርዝር ሊታመን አይችልም፤ በስታቲክ (የሲስተሙን ላይብረሪ ሳይጠቀም) የተሠራ ቢዚቦክስ የተባለ የትእዛዞች ስብስብ አምጥታችሁ እንደገና ቁጠሩ። በቀጠሮ ሥራ የሚያስነሡት ክሮንና የሲስተምዲ ታይመሮች፣ እንደ ሩት ቁጥሩ 0 የሆነ ሁለተኛ ተጠቃሚም ይታዩ።

ከተገባ በኋላ

ማሽኑን ከኔትወርክ ነጥሉት፤ አታጥፉት፣ ሪቡትም አታድርጉት፤ በማስታወሻ ላይ ብቻ ያለው ማስረጃ ይጠፋል። አቅራቢው የሚፈቅድ ከሆነ የዲስክና የማስታወሻ ቅጂ ይወሰድ። ከዚያ ጽዳት አይሞከር። ሩት የተያዘበትን ማሽን ፋይል እየሰረዙ ማዳን ለቀናት ያለፋል፤ አንድ ያልታየ ነገር ከቀረ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው። አዲስ ማሽን ይጫን።

አዲስ መጫን ብቻውን ግን ኢቤሪን አያቆምም ነበር፤ ሰርጎ ገቡ ቁልፉን ይዟልና። ሊቀየር የሚገባው በዚያ ሰርቨር ላይ የነበረ ምስጢር ሁሉ ነው፦ የሠራተኞች የይለፍ ቃል፣ እዚያ የተቀመጡ የግል ቁልፎች፣ የመረጃ ቋት ይለፍ ቃል፣ የክፍያና የቴሌግራም ቦት ቶከኖች፣ የድረ ገጹ የቲኤልኤስ ቁልፍ፣ የሰርቨሩ የራሱ የማንነት ቁልፍ። ከዚያ ሰርቨር ተነሥቶ ወደ ሌላ የገባ ሰው ካለ የሄደበትም ሰርቨር እንደ ተጠርጣሪ ይታይ፤ «ኖውን ሆስትስ» የተባለው ፋይል ሃሽ ካልተደረገ የጉዞውን ዝርዝር ይሰጣችኋል፤ ለሌባውም ሰጥቶታል። ለውጡ የሚደረገው ከንጹሕ ኮምፒውተር ነው፤ አለዚያ አዲሱም ቁልፍ በዚያው ሰዓት ይወሰዳል።

መረጃ ከመጠባበቂያ ሲመለስ የመረጃ ቋቱና የተጠቃሚ ፋይሎች ብቻ ይመለሱ፤ የድረ ገጹ ኮድ ከራሱ ማከማቻ እንደ አዲስ ይምጣ። የኢቲሲና የቤት ማውጫዎች እንዳሉ ከተገለበጡ፣ የሰርጎ ገቡ ቁልፍ የተጻፈበት «ኦተራይዝድ ኪስ» ፋይል አብሮ ወደ አዲሱ ማሽን ይገባል። መጀመሪያ የገባበት ቀን ካልታወቀ ደግሞ ያለፈው ሳምንት ቅጂ ንጹሕ ነው ብሎ መተማመን አይቻልም፤ ከርነል ዶት ኦርግ ላይ ኢቤሪ ሳይታወቅ የቆየው ከ2009 እስከ 2011 ነው።